የክብ ልኬት፦ ሬዲየስ፣ ዲያሜትርና ዙሪያን አንዱን ከሌላው ማውጣት

60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ምጣድ ዙሪያውን የሚይዝ የብረት ቀለበት ሥሩልኝ ቢባል ብረቱ ስንት ይቆረጣል? ብዙ ሰው «ሦስት እጥፍ» ብሎ 180 ሳ.ሜ. ይቆርጣል። ብረቱ ተጎብጦ ምጣዱ ላይ ሲጠመጠም ግን ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም፤ መካከላቸው ከ8 ሳ.ሜ. በላይ ክፍት ይቀራል። ያጠረ ብረት ደግሞ መልሶ አይረዝምም። ቁራጭ ተቀጥሎ ሁለት ቦታ ይበየዳል፣ ወይም ብረቱ ይጣላል።

ይህ መመሪያ ለኮምቦልቻና ለደሴ ብየዳ ቤቶች፣ ለአናጢዎች፣ ለግንበኞች፣ ለተማሪዎችም ጭምር የተጻፈ ነው። ሒሳቡ አንድ መስመር ነው፤ ከባዱ ነገር የትኛውን ልክ መውሰድ እንዳለብን ማወቁ ነው።

ሦስቱ ልኮች

ሬዲየስ ከክቡ እምብርት እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት ነው። ዲያሜትር ከጠርዝ ተነስቶ በእምብርቱ አልፎ እስከ ተቃራኒው ጠርዝ ይደርሳል፤ ስለዚህ የሬዲየስ እጥፍ ነው። ዙሪያ (በትምህርት ቤት አጠራሩ መጠነ ዙሪያ) ጠርዙን ተከትለን አንድ ዙር ስንሄድ የምናገኘው ርዝመት ነው።

ዲያሜትር = 2 × ሬዲየስ
ዙሪያ = 3.1416 × ዲያሜትር
ዙሪያ = 6.2832 × ሬዲየስ
ዲያሜትር = ዙሪያ ÷ 3.1416
ሬዲየስ = ዙሪያ ÷ 6.2832

3.1416 ፓይ የሚባለው ቁጥር ነው። ለቡና ስኒ አፍም ሆነ ለትልቅ የውሃ ታንከር አይለወጥም። ምክንያቱም ክብ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ ነው፤ ትንሹን ክብ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ብናሳድገው ትልቁን እናገኛለን። ዲያሜትሩ አሥር እጥፍ ሲያድግ ዙሪያውም አሥር እጥፍ ያድጋል፣ ስለዚህ የሁለቱ ንጽጽር ባለበት ይቆያል። የካሬ ሜትር ስፋት ግን እንዲህ አይደለም፤ ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

ፓይ ለምን 3 ብቻ እንዳልሆነ በእጅ ማየት ይቻላል። በኮምፓስ አንድ ክብ ይሥሩ። የኮምፓሱን ክፍተት ሳይነኩ መርፌውን ጠርዙ ላይ ተክለው ጠርዙን ይቁረጡ፤ መርፌውን ወደ ቆረጡት ነጥብ ያሻግሩና ይድገሙት። ልክ በስድስተኛው እርምጃ ወደ ተነሱበት ነጥብ ይመለሳሉ። ስድስቱን ነጥቦች በማስመሪያ ሲያገናኙ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ጎን አንድ ሬዲየስ ስለሆነ ዙሪያው 6 ሬዲየስ፣ ማለትም 3 ዲያሜትር ነው። የክቡ ጠርዝ ግን በየነጥቡ መካከል ከቀጥታው መስመር ወደ ውጭ ይወጣል፤ የጎበጠ መንገድ ደግሞ ከቀጥታው ይረዝማል። ስለዚህ የክቡ ዙሪያ ከ3 ዲያሜትር ይበልጣል። «ሦስት እጥፍ» ብሎ የሚቆርጥ ሰው የባለ ስድስት ጎኑን ዙሪያ እንጂ የክቡን አልቆረጠም።

አርኪሜዲስ ይህንኑ መንገድ እስከ 96 ጎን ወስዶ ፓይ ከ22/7 ትንሽ እንደሚያንስ አሳይቷል። 22/7 ዛሬም የሚጠቅመው ከዚያ ነው።

3.14 ወይስ 22/7?

ትክክለኛው ቁጥር 3.14159 ብሎ ያለ ማብቂያ ይቀጥላል። ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር የፓይ ምልክት ካለው እሱን ይጠቀሙ። በጭንቅላት ወይም በወረቀት ከሆነ ምርጫው ልዩነት ያመጣል። 3.14 ከትክክለኛው ያንሳል፣ 22/7 ደግሞ ትንሽ ይበልጣል። ዲያሜትሩ 6 ሜትር በሆነ ክብ 3.14 የሚያጎድለው 10 ሚ.ሜ. ያህል ሲሆን 22/7 የሚያስበልጠው ከ8 ሚ.ሜ. በታች ነው። ብረትና ላሜራ ለሚቆርጥ ሰው 22/7ን እንመርጣለን፤ ወደ እውነተኛው ይበልጥ ይቀርባል፣ ስሕተቱም በትርፍ በኩል ስለሆነ በፍሌክስ (በኤሌክትሪክ መቁረጫ) ይስተካከላል። 7 የሚያካፍለው ዲያሜትር ሲሆን ደግሞ ሒሳቡ በቃል ያልቃል፦ 70 ሳ.ሜ. ከሆነ 10 ጊዜ 22፣ 220 ሳ.ሜ.።

ያለውን ክብ ሲለኩ ከዙሪያው ይጀምሩ

ምጣድ፣ በርሜል፣ ቱቦ፣ የዛፍ ግንድ፦ እምብርታቸው በምልክት አይታይም። ሜትሩን በአፋቸው ላይ ዘርግተን ዲያሜትሩን ስንለካ በትክክል መሐል ማለፋችንን እርግጠኛ መሆን አንችልም፤ ትንሽ ከሳትን የምናነበው ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ዙሪያውን ስንለካ ግን እምብርት አያስፈልገንም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ዙሪያው ላይ 3 ሚ.ሜ. ብንሳሳት ለ3.1416 ሲካፈል ዲያሜትሩ ላይ የሚደርሰው 1 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። በተቃራኒው ዲያሜትሩ ላይ የተሳሳትነው 3 ሚ.ሜ. ዙሪያውን ከ9 ሚ.ሜ. በላይ ያዛባል። ሬዲየስ ላይ ከተሳሳትን ከስድስት እጥፍ በላይ ነው።

1. የልብስ ሰፊ ሜትር ወይም ሲባጎ ይያዙ። የአናጢው የብረት ሜትር ለትልልቅ በርሜሎች ይሆናል፤ ከጠባብ ቱቦ ጋር ግን አይጣበቅም።

2. አንድ ዙር ያዙሩና ሳይላላ፣ ሳይሰነጋም ይያዙ። ሲባጎ ሲጎተት ይለጠጣል፤ ስለዚህ ሲያዞሩት የሳቡትን ያህል ብቻ ስበው በማስመሪያው ላይ ይለኩት።

3. ሲባጎ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች በሚደራረቡበት ቦታ በእስክሪብቶ አንድ ጊዜ በሁለቱም ላይ መስመር ያሳርፉ። ከዚያ ዘርግተው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ይለኩ።

4. ዙሩ ዘመም አለማለቱን ይዩ። ቱቦ ላይ ሲባጎው እንደ ብሎን ጥርስ ሽቅብ ከሄደ ርዝመቱ ይበዛል።

5. ያገኙትን ለ3.1416 ያካፍሉ።

ለምሳሌ ባለ 200 ሊትር በርሜል ገላ ላይ ሜትሩ 180 ሳ.ሜ. ቢያነብ ዲያሜትሩ 57.3 ሳ.ሜ. ነው። ሜትሩ ማረፍ ያለበት ለጥ ባለው ገላ ላይ እንጂ ጎልተው በወጡት ቀለበቶች ላይ አይደለም። በርሜሉን ቀዶ ላሜራውን የሚዘረጋ ሰውም ይህንኑ 180 ሳ.ሜ. እንደ ወርድ ያገኘዋል።

የሲባጎው ውፍረት በትልቅ ዕቃ ላይ ሊናቅ ይችላል፣ በጠባብ ቱቦ ላይ ግን ሒሳቡን ያበላሻል። ግማሽ ኢንች የሚባለው የውሃ ቱቦ (ጋልቫናይዝዱ) የውጭ ዲያሜትሩ 21.3 ሚ.ሜ. ነው፣ ዙሪያው 66.9 ሚ.ሜ.። 2 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ሲባጎ ስናዞርበት ግን የሲባጎው መሐል ከቱቦው ገጽ 1 ሚ.ሜ. ርቆ ስለሚዞር የምናነበው 73 ሚ.ሜ. ይሆናል። ከዚያ የሚወጣው ዲያሜትር 23.3 ነው፤ ልክ በሲባጎው ውፍረት በልጧል። ስለዚህ ካካፈሉ በኋላ የሲባጎውን ውፍረት ይቀንሱ፣ ወይም በሲባጎው ፈንታ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ያዙሩ። «ግማሽ ኢንች» የሚለው የቱቦው መጠሪያ እንደሆነ፣ የውጭ ልኩ እንዳልሆነም እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ በስሙ ተመርቶ ማቀፊያ የሚያጎብጥ ሰው ቱቦው አይገባለትም።

ክብ ነው ወይ?

ዙሪያን አካፍሎ የሚገኘው ዲያሜትር የሚሠራው ዕቃው በእውነት ክብ ሲሆን ነው። የተጣመመ በርሜል ወይም በእጅ የተሠራ የሸክላ ምጣድ አንዱ ጎኑ ሊጎተት ይችላል። ደሴ ገበያ ወጥተው ምጣድ ሲገዙ ሜትሩን በአፉ ላይ ቁመቱንና አግድሙን፣ ከዚያም ሁለቱን ሰያፎች፣ አራት ጊዜ ይለኩ። ትልቁና ትንሹ ንባብ በ1 ሳ.ሜ. ከተለያዩ አክንባሎው ወይም የብረት ቀለበቱ በአንድ በኩል ይነካል፣ በሌላው ይከፍታል። ቀለበት ሲሠሩ የሚያዙት ልክ ትልቁ ነው፤ ክዳንም እንዲሁ።

እምብርቱን ማግኘት

ክቡ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ካለ (የተቆረጠ ላሜራ፣ የጠረጴዛ ገጽ፣ የበርሜል ክዳን) በስኳድራ (ባለ 90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) ብቻ እምብርቱን ማግኘት ይቻላል። የስኳድራውን ማዕዘን ጠርዙ ላይ ያሳርፉ። ሁለቱ ክንዶች ጠርዙን የሚያቋርጡባቸውን ሁለት ነጥቦች ምልክት አድርገው በቀጥታ መስመር ያገናኙ፤ ያ መስመር ዲያሜትር ነው። ስኳድራውን ሌላ ቦታ አሳርፈው ይድገሙ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት እምብርቱ ነው። ሦስተኛ መስመር ቢጨምሩ ጥሩ ነው፤ ሦስቱ በአንድ ነጥብ ካልተገናኙ ወይ ስኳድራው 90 ዲግሪ አይደለም፣ ወይ ዕቃው ክብ አይደለም።

ቀለበት ሲጎበጥ የብረቱ ውፍረት

ወደ ምጣዱ እንመለስ። ብረት ሲጎበጥ የውስጥ ገጹ ይጨመቃል፣ የውጭ ገጹ ይለጠጣል፤ ርዝመቱ የማይለወጠው የውፍረቱ መሐል ነው። ስለዚህ የሚሰላው ዙሪያ የመሐሉ ነው፦

የሚቆረጥ ርዝመት = 3.1416 × (የውስጥ ዲያሜትር + የብረቱ ውፍረት)

ምጣዱ 600 ሚ.ሜ.፣ ጠፍጣፋ ብረቱ 5 ሚ.ሜ. ይሁን። ቀለበቱ ምጣዱን እንዳይጨብጠው በየጎኑ 3 ሚ.ሜ. ክፍተት ይተዉ፤ ሸክላ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከተጫኑት ከዚያ ይሰነጠቃል። የውስጥ ዲያሜትሩ 606 ሆነ። 606 + 5 = 611፤ 611 × 3.1416 = 1919.5 ሚ.ሜ.። ወደ 192 ሳ.ሜ. ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ 180 የቆረጠው ሰው በዚህ ሥራ 12 ሳ.ሜ. ይጎድለዋል።

ውፍረቱን የረሳ ሰው የሚያጣው ምን ያህል ነው? 3.1416 × 5፣ ማለትም 15.7 ሚ.ሜ.። ይህ ጉድለት በቀለበቱ ትልቅነት አይወሰንም። 20 ሳ.ሜ. ቀለበትም ሆነ 3 ሜትር ታንከር ዲያሜትሩ 1 ሚ.ሜ. በጨመረ ቁጥር ዙሪያው የሚጨምረው ያው 3.14 ሚ.ሜ. ነው። «ትልቅ ሥራ ስለሆነ ይውጠዋል» የሚባለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም፤ የሚታየው ክፍተት እኩል ነው።

በማሽን የሚጎበጥ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች በሁለቱም ጫፍ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። በየጫፉ ትርፍ ትተው አጎብጠው፣ ከዚያ ቀጥታውን ክፍል ይቁረጡ። ትክክለኛውን 1919.5 ሚ.ሜ. ምልክት የሚያደርጉት ሳይጎበጥ በፊት ነው።

ስታፋም (የኮለንን፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶን፣ ቋሚ ብረቶች የሚያቅፈው የፌሮ ቀለበት) በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ክብ ኮለን 40 ሳ.ሜ. ዲያሜትር፣ የኮንክሪት ሽፋኑ 2.5 ሳ.ሜ.፣ ስታፋው የ8 ሚ.ሜ. ፌሮ ከሆነ፦ የስታፋው የውጭ ዲያሜትር 400 − 50 = 350፣ የመሐሉ 350 − 8 = 342፣ ዙሪያው 342 × 3.1416 = 1074 ሚ.ሜ.። በዚህ ላይ ፕላኑ ያዘዘው መደራረቢያና መንጠቆ ይጨመራል፤ ጠቅላላው 30 ሳ.ሜ. ቢሆን የሚቆረጠው 137.4 ሳ.ሜ. ነው። ከ12 ሜትር ፌሮ 8 ስታፋ ይወጣል። በ400 ያሰላ ሰው 155.7 ሳ.ሜ. እየቆረጠ ከአንድ ፌሮ የሚያገኘው 7 ብቻ ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን ስታፋው ኮንክሪቱ የሚፈስበትን ቅርጽ እየነካ ያለ ሽፋን መቅረቱ ነው፤ ውሃ ይደርስበትና ይዝጋል።

መሬት ላይ ክብ መትከል

አዲስ የሚሠራ ክብ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ እምብርቱን የምንተክለው እኛ ስለሆንን የምንጀምረው ከሬዲየሱ ነው። ዲያሜትሩ 6 ሜትር የሆነ ጎጆ ቤት ወይም ክብ አዳራሽ እንበል። ሬዲየሱ 3 ሜትር፣ ዙሪያው 18.85 ሜትር።

እምብርቱ ላይ ችካል ተክሎ ገመድ ጥብቅ አድርጎ አስሮ መዞር የሁሉም ልማድ ነው፣ ስሕተቱም እዚያው ነው። ገመዱ ችካሉ ላይ ተቋጥሮ የማይሽከረከር ከሆነ እየዞርን ስንሄድ ችካሉ ላይ ይጠመጠማል። 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ባለው ችካል አንድ ዙር ሲጠመጠም ገመዱ 15.7 ሳ.ሜ. ያጥራል፦ የችካሉ የራሱ ዙሪያ! ዙሩን ስንጨርስ ከተነሳንበት ምልክት ጋር አንገጥምም፤ ወደ ውስጥ አንድ ስንዝር ገደማ ገብተን እንገኛለን። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ገመዱ የላላ ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ችካሉ ራስ ላይ መሐል ለመሐል ምስማር ይምቱ፣ የገመዱን ጫፍ ሰፋ ባለ ቀለበት ምስማሩ ላይ ያጥልቁት፣ በነጻነት ይዙር። ሦስቱን ሜትር የሚለኩትም ከምስማሩ ነው። ናይሎን ገመድ ስለሚለጠጥ ሽቦ ወይም ቀጭን ቀጥ ያለ ሞራሌ ይሻላል።

ደሴ ላይ ሁለተኛ ጣጣ አለ፤ ለጥ ያለ ቦታ ብርቅ ነው። በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ ተዳፋት ላይ ገመዱን መሬት ለመሬት ይዘው ከዞሩ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ሬዲየስ ሲያጥር ወደ ጎን ያለው ባለበት ይቀራል። መሬቱ በ5 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ በተዳፋቱ ላይ የተለካ 3 ሜትር አግድም ሲታይ 2.94 ሜትር ብቻ ነው። በአንድ አቅጣጫ 6 ሜትር፣ በሌላው 5.88 ሜትር የሆነ ሞላላ ይወጣል። ጣሪያው ላይ ሲደረስ ይታወቃል፤ የክብ ጣሪያ ወራጆች እኩል መሆን ሲገባቸው አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። ስለዚህ ቢቻል መጀመሪያ መሬቱን ይደልድሉ። ካልሆነ ገመዱን በውሃ ልክ አግድም ይዘው ከጫፉ ቱንቢ ያውርዱ፤ ምልክቱ የሚቀመጠው ቱንቢው ያረፈበት ነው።

ቋሚዎቹን ለማከፋፈል ያንኑ የ3 ሜትር ገመድ ይጠቀሙ። ከአንድ ነጥብ ተነስተው በጠርዙ ላይ በቀጥታ 3 ሜትር እየለኩ ይሂዱ፤ በስድስተኛው ይዘጋል። ካልዘጋ ክቡ ተሳስቷል ማለት ነውና ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት ያርሙት። እያንዳንዱ ስድስተኛ በጠርዙ ላይ 3.14 ሜትር ነው፤ ለ8 ሲከፈል 48 ቋሚ በ39 ሳ.ሜ. ርቀት ይሆናል። ለበር ሁለት ቋሚ ቢዘሉ ከመሐል መሐል 118 ሳ.ሜ. ያህል ክፍት ይገኛል፤ የበሩ መቃን ከዚያ ላይ ይወጣል። ማገሩም ሲገመት ለአንድ ዙር 18.85 ሜትር ሲደመር መደራረቢያው ነው።

እምብርቱ የማይደረስበት ቅስት

የግቢ በር ከላይ በቅስት እንዲሠራ ሲታዘዝ እምብርቱ ከበሩ በታች፣ አንዳንዴም ከመሬት በታች ይውላል። የሚታወቁት የቅስቱ ወርድና የመሐሉ ከፍታ ብቻ ናቸው። ሬዲየሱ እንዲህ ይወጣል፦

ወርዱን በራሱ ያባዙ፣ ለ8 እጥፍ ከፍታ ያካፍሉ፣ የከፍታውን ግማሽ ይደምሩ።

ወርዱ 300 ሳ.ሜ.፣ ከፍታው 40 ሳ.ሜ. ቢሆን፦ 300 × 300 = 90,000፤ 8 × 40 = 320፤ 90,000 ÷ 320 = 281.25፤ ሲደመር 20፣ ሬዲየሱ 301.25 ሳ.ሜ. ሆነ። ወለል ላይ በጠመኔ ሙሉ ልኩን ሠርተው ብረቱን እያጎበጡ በላዩ ላይ ያጋጥሙት። ከፍታውን ከብረቱ ታች ወይም ከላይ መለካትዎን አስቀድመው ይወስኑ፤ ግማሹን ከታች ግማሹን ከላይ የለካ ሰው ሁለቱን ተካፋች በሮች ሲያቆማቸው አይገጥሙም።

ጎማ

ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው ዙሪያውን ያህል ነው። ዲያሜትሩ 65 ሳ.ሜ. የሆነ ጎማ በአንድ ዙር 204.2 ሳ.ሜ. ይጓዛል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 490 ጊዜ ያህል ይዞራል። የጎማው ጥርስ 5 ሚ.ሜ. ካለቀ ዲያሜትሩ በ10 ሚ.ሜ. ይቀንሳል፣ ዙሪያው በ31.4 ሚ.ሜ.። በደሴና ኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚያሰላው የጎማውን ዙር ቆጥሮ ስለሆነ ባለቀ ጎማ ከተሄደው መንገድ በ1.5 በመቶ ያህል ያስበልጣል።

የጎማን ዙሪያ በሜትር ከመጠምጠም ይልቅ ማንከባለል ይበልጥ እውነቱን ይሰጣል፤ ጭነት ሲኖር ጎማው መሬት ላይ ስለሚተኛ የሚሠራው ሬዲየስ በባዶው ከተለካው ያንሳል። አስፋልት ላይ ለጥ ያለ ቦታ ይፈልጉ፣ የተለመደውን ጭነትና ንፋስ ይያዝ። ጎማው መሬት በነካበት ነጥብ በጎማውም በአስፋልቱም ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፣ መኪናውን በቀጥታ ገፍተው ጎማው አምስት ጊዜ ሲዞር የቆመበትን ምልክት ያድርጉ። ርቀቱን ለ5 ያካፍሉ፦ የአንድ ዙር ጉዞ። ያንን ለ6.2832 ሲያካፍሉ የሚያገኙት ከአክሱ መሐል እስከ አስፋልቱ ካለው ከፍታ ጋር በትክክል አይገጥምም፣ ትንሽ ይበልጣል፤ የተጫነው ጎማ ታች ላይ ስለተደፈጠጠ ነው። ለርቀት ስሌት የሚያዘው በማንከባለል የተገኘው ነው።